የጎንደር ሰው ሆይ፣ መንገዱን መልስ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሙገሳ ይዤ አልመጣሁም። ሙገሳውን ጠግበነዋል። የፋሲል ግንብ ሲነሳ፣ አርባ አራቱ ታቦት ሲጠራ፣ «ጎንደር» ተብሎ ሲዘፈን ደረቱን የማይነፋ ከመካከላችን ማን አለ? እኔም እነፋለሁ። ዳሩ ግን ከግንቡ ደጃፍ ሃምሳ እርምጃ ሳንርቅ በገዛ እጃችን የዘጋነውን መንገድ እየዘለልን፣ እየተሽሎከሎክን፣ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን ነው ቤታችን የምንገባው። ስለዚህ የዛሬው ቃሌ ተግሳጽ ነው። የሚከፋው ይኖራል፤ ይከፋው። ከሚገሠጹት አንዱ እኔው ነኝና ከራሴ እጀምራለሁ።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ልጨምር ብዬ አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ አስመጣሁ። በሬ ጠባብ ነው፤ መኪናው አይገባም። ሹፌሩ «የት ላድርገው?» አለኝ። «እዚያው ድፋው» አልኩት። እዚያው ማለት የእግረኛው መንገድ ነው። ለሦስት ቀን ያልኩት ሦስት ሳምንት ቆየ። ግንበኛው ጠፋ፣ ሲሚንቶ ተወደደ፣ ዝናቡ ገባ፤ ምክንያት መቼ ጠፍቶ! አንድ እሑድ ማለዳ እማሆይ የምንላቸው ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አሸዋዬን ሊዞሩ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ገፍቶ ጣላቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ከዚያ የከፋ አለመሆኑ የእሳቸው ጸሎት እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

የባጃጁ ልጅ ታሰረ። ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ፣ የሕክምናውን ከፍሎ፣ ነገሩ በእርቅ አለቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን የነበረ ይመስላችኋል? እኔ! አሸዋውን መንገድ ላይ ያስደፋሁት ሰው፣ አንገቱን የደፋውን የሃያ ዓመት ልጅ «ዓይንህን ከፍተህ ንዳ እንጂ!» እያልኩ ስቆጣ ዋልኩ። ከተሰበሰበው ሰው «አሸዋውስ የማን ነው?» ያለ አንድም አልነበረም። ልጁም አላለም። እማሆይም አላሉም። ስኳርና ቡና ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ የታሰረ እጃቸውን እያሻሹ «ምን ይደረግ ልጄ፣ መንገድ ነው» አሉኝ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ ቃል ናት። መንገድ ነው! ዝናብ ነው፣ መብረቅ ነው እንደማለት። መንገድ ሰው የሠራው፣ ሰው የሚያበላሸው፣ ሰው የሚያስተካክለው ነገር መሆኑ ቀርቶ ከሰማይ የሚወርድ መዓት አድርገን ተቀብለነዋል። እናም መዓቱን የምናወርደው እኛው መሆናችንን ረስተነዋል።

እስቲ የዚህ ከተማ መንገድ ባለቤት ማን እንደሆነ እንተያይ። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ፣ ከቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ ቁሙና የሚያልፈውን ቁጠሩ። ተማሪው በእግሩ ነው። የቀን ሠራተኛው መዶሻውን በፌስታል ጠቅልሎ በእግሩ ነው። ቅጠልና እንጨት አዝላ ከገጠር የምትገባው በእግሯ ናት። ቢጫ ጀሪካን የጫነው አህያም ነጂውም በእግራቸው ናቸው። አዳር የሠራችው ነርስ፣ ቄሱ፣ ሼሁ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ፣ ሁሉም በእግሩ። የቀረው ባጃጅና ሚኒባስ ይጠብቃል። የራሱን መኪና የሚነዳው ስንተኛው ነው? አዲስ አበባ እንኳ፣ ያን ሁሉ መኪና ተሸክማ፣ ነዋሪዋ ከሚያደርገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ ከቀረውም የሚበዛው በአውቶቡስና በታክሲ። እኛ ዘንድ ከዚህ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ብዬ ብናገር የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

እኛ ግን በእግራችን እየሄድን በመኪና እናስባለን። ይህ ነው ትልቁ በሽታችን። መኪና ለአምስት ደቂቃ ሲቆም «መንገዱ ተዘጋጋ» እንላለን፤ ሺህ ሰው ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንድ ስፋት ላይ ሲጋፋ ግን መንገድ የተዘጋ አይመስለንም። አንድ ሰውዬ የእግረኛ መንገድ ይሰፋል መባሉን ሰምቶ «መኪና ማቆሚያ አሳጡን!» ብሎ ሲያማርር ሰማሁት። ጫማው አቧራ ለብሷል። «መኪና አለህ እንዴ?» አልኩት። «ዛሬ የለኝም፤ ነገስ ምን ታውቃለህ?» አለኝ። ይኸው! ላልገዛው መኪና ያለውን እግር የሚያስረክብ ሕዝብ ሆነናል። አባቶቻችን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ያሉት ለካ ለእኛ አልሠራም፤ አስፋልቱን በሙሉ ለሌላ ቆርሰን፣ ለራሳችን የቀረውን የዲች ክዳን ደግሞ በአሸዋና በሸቀጥ እንሞላለን።

ጎንደር ስትቆረቆር እንዲህ አልነበረችም። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ሲያደርጉ ከተማዋ የተመጠነችው ለሰው እግርና ለበቅሎ ነው። ግቢው 12 በሮች አሉት፤ ፊት በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር እያለ ስሙ ራሱ ማን በየት በኩል፣ ለምን ጉዳይ እንደሚገባ ይናገራል። መንገድ ሥርዓት ያለው ነገር ነበር። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት፣ አደባባዩና ገበያው፣ ሁሉም ነጠላ አጣፍቶ በእግር የሚደረስበት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ሲቀመጥብን ፒያሳን ለመኪናና ለሹማምንቱ ብሎ ተለመ፤ ለራሱ ሰፈር ለብቻ፣ ለአገሬው ሰው ሰፈር ለብቻ። ይህን ስናወግዝ ኖረናል። ነገር ግን ባለ መኪናውን መሐል አስቀምጦ ባለ እግሩን ጥግ የማስያዝ ልማድ ከእኛ ወዴት ሄደ? ጌታው ሄዶ ልማዱ ቀረ።

ቴዎድሮስን ካነሳን ላይቀር፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሱ እንደነበር ታሪክ ጽፎታል። (ከዚያ በፊት በ1859 ጎንደርን ያስዘረፏትና ያስቃጠሏትም እሳቸው መሆናቸውን አልረሳሁም፤ እኛ ጎንደሬዎች ሁለቱንም አብረን እንይዛለን።) ታዲያ ከሐውልታቸው ሥር ምን እናደርጋለን? ዳገት ላይ የቆመ ሹፌር መኪናው እንዳይንሸራተትበት ከጎማው ሥር የሸጎጠውን ድንጋይ፣ ሲነሳ እዚያው አስፋልቱ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ንጉሥ ያነሳውን ድንጋይ እኛ መልሰን እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ መልክዓ ምድራችን ልምጣ፤ ምክንያቱም እግዜር ለጎንደር የሰጣትን ዕድል ብዙዎቻችን አላየነውም። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በሸንተረር ላይ የተቀመጠች ናት። ሸንተረር ላይ ያለ ከተማ እንደ ሜዳ ከተማ በየአቅጣጫው አይበተንም፤ ጀርባ አጥንት ያበጃል። የእኛ ጀርባ አጥንት ከፒያሳ ወደ ማራኪ፣ ከዚያም 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዘዞ የሚወርደው መንገድ ነው። ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ መናኸሪያው በእሱ ላይ ወይም በአቅራቢያው ነው። ሌላ ከተማ አሥር የአውቶቡስ መስመር ዘርግቶ የማያዳርሰውን እኛ በአንድ መስመር ብዙውን እናዳርሳለን። በዚያ ጀርባ አጥንት ላይ በየተወሰነ ደቂቃ ሰዓቱን አክብሮ የሚመላለስ አውቶቡስ፣ ከጎንና ከጎኑ ደግሞ ከየዳገቱና ከየቁልቁለቱ ሰው የሚያመጣለት ባጃጅ፤ ለጎንደር የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህን የምለው በስሜት አይደለም። የከተማ መንገድ የሚነድፉ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ልኬት አለ። ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ የመንገድ ረድፍ የቤት መኪና ቢሄድበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ ቢለቀቅ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው። የእግረኛ መንገድ ቢደረግ ደግሞ ከ8,000 እስከ 9,000 ሰው። አፈሩ ያው አፈር፣ ስፋቱ ያው ስፋት። እንግዲህ «መንገዱ ጠበበ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይቁጠር። መንገዱ አልጠበበም፤ አከፋፈላችን ነው የጠበበው።

የባጃጅ ልጆች፣ እንዳትቆጡ። እናንተን ጥፉ የሚል ሰው ካለ ዳገት ወጥቶ የማያውቅ ነው። ነፍሰ ጡሯን በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰ ማን ሆነና! የእናንተ ቦታ ግን አውቶቡስ የማይገባበት ኮብልስቶኑና ቁልቁለቱ ነው። ሦስት ሰው የሚይዝ ነገር አርባና ሃምሳ ሰው በሚይዝ ነገር ፊት ተሰልፎ ዋናውን መንገድ ሲሞላው፣ እናንተም ነዳጅ እየፈጃችሁ ቆማችሁ ትውላላችሁ፣ ሕዝቡም ይቆማል። ይህንንም ቢሆን ከእናንተ ጋር ተቀምጦ፣ መስመሩን ተነጋግሮ፣ ገቢያችሁን አስልቶ እንጂ አንድ ጠዋት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትደርሱም» ብሎ አይደለም።

ይልቅ ቁጣዬ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው ነው። አዎ፣ ለአንተ። «ወራጅ አለ!» የምትለው አንተ ነህ። ፌርማታው ሃያ እርምጃ ቀርቶታል፤ አንተ ግን ከቤትህ በር ፊት ለፊት፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ ከዜብራው ላይ መውረድ አለብህ። ሹፌሩ ካለፈ ትሳደባለህ፤ ከቆመ ከኋላ ያለው ይሳደባል። ከዚያ ወርደህ መንገዱን ስትሻገር የሚጠልፍህ ልክ እንደ አንተ ያለውን ሰው ሊያወርድ የቆመ ሌላ ባጃጅ ነው። ሃያ እርምጃ ለመራመድ ያልፈቀደ ሰው ከተማዬ ሥርዓት የላትም ብሎ ቢያማርር ማን ይሰማዋል?

አንተስ ባለ ሱቅ? ኪራይህን የምትከፍለው ለአራት ሜትር ነው፤ የምትሠራው በስድስት ሜትር ነው። ፍራሹ፣ ባልዲው፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ጆሮ የሚበጥሰው ስፒከር፣ ሁሉም ደጅ ወጥቷል። አንድ ቀን ዓይናቸው የማያይ መሪጌታ በበትራቸው የመንገዱን ጠርዝ እየዳሰሱ ሲመጡ አየሁ። በትራቸው አንድ ነገር ነካ። «ይቅርታ ልጄ» አሉ፣ ለማለፍ እየጠበቁ። ልብስ የለበሰ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። ባለ ሱቁ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር።

ባለ ሱቆች ሁልጊዜ የምትሉት አለ፤ «መኪና ካልቆመ ገበያ ይሞታል»። እስቲ አንድ ሳምንት ሙሉ ወደ ሱቃችሁ የገባውን ሰው በምን እንደመጣ በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጋችሁ መዝግቡ። ከደጃችሁ የቆመው መኪና ብዙ ጊዜ የእናንተው ወይም የጎረቤታችሁ ባለ ሱቅ ነው፤ ጠዋት ቆሞ ማታ ይነሳል። ይህ ስጋት የእኛ ብቻ አይደለም። በዴንማርክ ኮፐንሃገን ስትሮየት የሚባለውን ዋና የገበያ መንገድ በ1962 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ብቻ ሲያደርጉት ነጋዴው ከሰርን ብሎ ጮሆ ነበር፤ ዛሬ ያ መንገድ የከተማው ዋና መገበያያ ነው። ሩቅ አገር ነው ካላችሁ ኪጋሊ አለች። እዚያ ደግሞ ነገሩ በቀላሉ አልሆነም። በ2015 እ.ኤ.አ. መሐል ከተማ ያለ አንድ ጎዳና ለመኪና ዘጉ፤ ግን መቀመጫ፣ ጥላ፣ ሰው የሚያቆም ነገር ሳያበጁለት ስለተዉት ለዓመታት ባዶ አስፋልት ሆኖ ቆየ። ኋላ ዛፍና መቀመጫ አበጅተው፣ አድሰው ሲከፍቱት ነው ሰው የገባበት። መኪና ማስወጣትና ሰው ማስገባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ሹሞቻችንም ይስሙልኝ።

እግረኛ መንገድ ስል ጉልት ዘርግታ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠውን እናት አሳድዱ ማለቴ አይደለም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚበረታው በእሷ ላይ ነው፤ እሷ የያዘችው አንድ ማዳበሪያ ጆንያ የሚያህል ቦታ ነው። ከጎኗ ግማሽ ጎማውን ጠርዝ ላይ ሰቅሎ የቆመው መኪና የእሷን ስምንት እጥፍ ይዟል፤ እሱን ግን ማንም ተነስ አይለውም። መንገድ በአግባቡ ሲነደፍ ለእሷም መስመር ተሰምሮ ቦታ ይሰጣታል፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ መሸጥ ከጥንት ያለ ነገር ነው። ፍትሕ የጎደለበት ጽዳት ለእኔ ጽዳት አይደለም።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም መንገድ ሰፋ ሲባል የምናጨበጭብ ሰዎች ነን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 የሚሄደው 8 ሜትር። ሹፌሩ 13 ሜትር ያህል ከፊቱ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ አንዱ ገና ፍሬን ሳይዝ ልጁን አልፎታል፤ ሌላው ቆሟል ወይም ሊቆም ነው። ሹፌር ደግሞ የሚታዘዘው ለታፔላ አይደለም፤ ለመንገዱ ቅርጽ ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ «30» ብለህ ብትጽፍለት ይስቅብሃል። ረድፉን ካጠበብከው፣ መሻገሪያውን ከአስፋልቱ ከፍ ካደረግከው፣ መታጠፊያውን ጠበቅ ካደረግከው ግን ትራፊክ ፖሊስ ሳይቆም በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለ መንገድ ሲጠብብ «አበላሹት» አትበሉ። የጠበበው ሆን ተብሎ ነው፤ ለልጃችሁ ነው። መሻገሪያ ድልድይ ይሠራልን የምትሉም አለ፤ ጉልበቷን የሚያማት እናታችሁ አርባ ደረጃ ወጥታ አርባ ደረጃ ስትወርድ ያያችሁ ቀን ትተዉታላችሁ። መኪና ነው መቆም ያለበት፤ ዳገት መውጣት የሚችለው እሱ ነው።

አሁን ኮሪደር ልማቱ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት ወደ እኛም ደርሷል። ይህን ስናነሳ ከተማችን ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ያሞግሳል፣ አንዱ ይራገማል። ቤቱ ወይም ሱቁ የተነካበት ሰው ቢያለቅስ እንባው እውነት ነው፤ ካሳውንና ምትኩን ጮሆ ይጠይቅ፣ እኛም አብረነው እንጩህ። ነገር ግን መንገዱ አንዴ ከተሠራ በኋላ የማነው? የሹም አይደለም። ሹም ይሻራል። በዚያ መንገድ ለሠላሳ ዓመት የሚመላለሱት የእኛ ልጆች ናቸው። ታዲያ በስንት ወጪ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ መኪና ሲወጣ ዝም የምንለው፣ የብስክሌቱ መስመር ላይ ባጃጅ ሲሰለፍ ዝም የምንለው፣ ሹሙን ስለተቀየምን ነው? ሹሙን ተቀይመህ የልጅህን መንገድ ትሰጣለህ?

ሹማምንትም ከተግሳጹ አያመልጡም። መንገድ ለፎቶ አይሠራም። መብራቱ በርቶ ሲያበቃ ሰው ከፀሐይ የሚጠለልበት ዛፍ ከሌለው፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ንጣፍ ከሆነ፣ ዊልቸር የሚገፋው ሰው ጠርዙ ላይ ደርሶ ተሸከሙኝ የሚል ከሆነ፣ መልኩ አምሮ ሥራው ቀርቷል። ዘንባባ ጥላ የለውም፤ ዋርካ አለው። ጃን ተከል ዋርካ ሥር ሕዝብ የተሰበሰበው ስለሚያምር ብቻ መሰላችሁ? ደግሞም መመሪያ የለንም እንዳትሉ። አገሪቱ ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ይቅደሙ የሚል። «መንገድ ለሰው» ተብሎም በ2011 ዓ.ም. መንገዶች ለሰዓታት ለመኪና ተዘግተው ሕዝብ ሩጫና ስፖርት አድርጎባቸዋል። ወረቀቱ አለ። አውቶቡሱ የት ነው? ኮሪደር ሠርቶ አውቶቡስ አለማሰማራት ምጣድ ጥዶ ሊጥ አለማቡካት ነው።

«ሰውዬ፣ በዚህ ጊዜ ስለ እግረኛ መንገድ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሰላም ይቅደም፣ ውሃ ይቅደም። እውነት ነው፤ የውሃን ነገር ለጎንደሬ የሚነግረው የለም። ግን ያን ጀሪካን ተሸክሞ የሚሄደው ማን ነው? በየት ነው የሚሄደው? ቧንቧ እስኪመጣ ሸክሙ በእግር ነው፤ እግሩ ደግሞ አስፋልት ላይ ከሚኒባስ ጋር ይጋፋል። ጊዜ ሲከፋ ሰው ይበልጥ በእግሩ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። ነዳጅ ሲጠፋ አላያችሁም?

«ሕዝባችን ሥርዓት አይገባውም» የሚለውን ግን በጭራሽ አልቀበልም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ በማግሥቱም ሲመለሱ ይህ ሕዝብ የሚያደርገውን ዓለም አይቶ በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ወጣቱ ምንጣፍ ተሸክሞ ከታቦቱ ፊት ይዘረጋል፤ ያለፈበትን ጠቅልሎ እየሮጠ ወደ ፊት ይወስዳል። አስፋልቱ ከዋዜማው ይጠረጋል። ያን ሰሞን ደጁ ላይ አሸዋ የሚደፋ አለ? ፍራሽ የሚያወጣ አለ? ማንም ሳያስገድደው ሁሉም ያነሳል። አሮጊቷ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ እልል ትላለች፤ መኪና ይጠብቃታል። ሥርዓቱን እናውቀዋለን ማለት ነው። ጥር 13 ቀን ጠዋት ነው የሚጠፋብን።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ደጃችሁ ላይ ያለውን ነገር አስገቡ፤ የማይገባ ከሆነ ሽጡት። ለግንባታ አሸዋ ስታስመጡ ግቢያችሁ ካልበቃ በትንሽ በትንሹ አስመጡ፤ ለጫኝ የሚከፈለው ብር ይበልጥ ይሆናል፣ ክፈሉት። ፌርማታ ላይ ውረዱ። ቀበሌ ስለ መንገድ ስብሰባ ሲጠራ «አበል አለው ወይ?» ከማለት ሄዳችሁ የእግረኛው ስፋት ስንት ሜትር ነው፣ አውቶቡሱ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ካላገኛችሁ በሚቀጥለውም ሄዳችሁ ያንኑ ጠይቁ። ባለ መኪናዎች፣ ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ መኪና የምታስነሱ ብርቱዎች ሁሉ፣ አንድ ቀን በእግራችሁ ሂዱና ከተማችሁን ከታች እዩዋት።

እኔ ክፍሏን ሠርቼ ጨርሻለሁ። አሸዋው ከተነሳ ወራት አልፈውታል፤ ያቺን ደጃፍ በየማለዳው ራሴ እጠርጋታለሁ። እማሆይም እጃቸው ድኖ ዛሬም ቅዳሴ ይሄዳሉ። እሑድ ማለዳ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ አያቸዋለሁ። በእግረኛው መንገድ ይመጡና ቤቴ አጠገብ ሲደርሱ፣ መንገዱ ጥርግ ብሎ እያለ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። አሸዋው የነበረበትን ዞረው፣ ከጎረቤቴ በር ላይ መልሰው ይወጣሉ። «እማሆይ፣ በዚህ ይለፉ፣ ተነስቷል እኮ» እላቸዋለሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኛል። በሚቀጥለው እሑድም ይወርዳሉ።